ያልደረቀው ረከቦት፦ በባሕር ዳር አንድ የእንጨት ሥራ ማኅበር የዘይት ቅብ ችግሩን የፈታበት መንገድ

ይህ ጉዳይ ለምን ተጻፈ

በእጅ በተሠራ የእንጨት ዕቃ ላይ ዘይት መቀባት ቀላል ሥራ ይመስላል። ጨርቅ ዘይት ውስጥ ይነከራል፣ እንጨቱ ይታሻል፣ የተደበቀው ቀለሙ ወዲያው ይወጣል፣ ያየ ሁሉ ይወደዋል። ጥፋት ካለ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዕቃው ከሠሪው እጅ ወጥቶ ገዢው ቤት ገብቷል።

እዚህ የምመዘግበው ጉዳይ ባሕር ዳር ውስጥ በሚሠራ አንድ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ማኅበር የደረሰ ነው። እኔ የእንጨት ሥራ አሠልጣኝ ነኝ፤ ወደ ጉዳዩ የገባሁት ማኅበሩ ምክር ስለጠየቀኝ ነው። የሰዎቹን፣ የሱቆቹንና የነጋዴዎቹን ማንነት ትቻለሁ። መጻፍ የፈለግሁት ችግሩ የእነርሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። ቫርኒሽ ትተው ወደ ዘይት የሚዞሩ ወርክሾፖች እየበዙ ነው፤ ብዙዎቹም ይህንኑ ስሕተት በየራሳቸው ወጪ እየደገሙት ነው። አገራችን ደግሞ ለእንጨት የሚሆን ጥሩ ዘይት የሚሰጡ ሰብሎች በየማሳው የሚበቅሉባት ስለሆነች፣ ነገሩን በወጉ ማወቅ ይገባናል ብዬ አምናለሁ።

ዳራ

በማኅበሩ ጥቂት ወጣቶችና አንድ አንጋፋ አናጢ አብረው ይሠራሉ። ወጣቶቹ አንጋፋውን «ጋሼ» ይሏቸዋል፤ መጋዙንም መላጊያውንም ቶርኖውንም ያስተማሯቸው እርሳቸው ናቸው። የሚያመርቱት ረከቦት፣ መክተፊያ፣ ገበታ፣ ጭልፋና ዝቅ ያለ በርጩማ ነው። የማለስለሱንና የቅቡን ሥራ የምትመራው ከወጣቶቹ አንዷ ናት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካለው ጥንቃቄ አብዛኛው የእርሷ ነው።

ዋናው እንጨታቸው ዋንዛ ነው። ዋንዛ ለመሮም ለመላጊያም እሺ የሚል፣ ከደረቀ በኋላ ብዙ የማይጣመም እንጨት ነው፤ ነገር ግን ቀዳዳዎቹ ሰፋፊ ስለሆኑ የሚቀባውን ነገር ሁሉ ይጠጣል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ማኅበሩም የሚገዛው በእርሻ መካከል ያደገውን፣ ገበሬው ራሱ የሚሸጠውን ነው። ግንዱ ውድ ነው፤ አንድ ረከቦት ሲበላሽ የሚጠፋው የሰው ድካም ብቻ ሳይሆን ለብዙ ዓመት የቆመ ዛፍ ነው።

ቀድሞ ዕቃዎቹን ሁሉ ቫርኒሽ ይቀቡ ነበር። ለበርጩማ ቫርኒሽ መጥፎ አልነበረም። መክተፊያ ላይ ግን ቢላዋ እየቧጠጠ ያነሣዋል፣ ቅርፊቱም ከሽንኩርቱ ጋር ይቀላቀላል። ረከቦት ላይ ደግሞ ጀበናው በሚቀመጥበት ቦታ እያረፈ ነጭ ምልክት ይተዋል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሱቅ፣ ወደ ውጭ አገር ለሚመለሱ ኢትዮጵያውያን ስጦታ የሚሸጥ፣ «የሚያብረቀርቅ ቅብ የሌለው፣ የእንጨቱ ወዝ የሚታይበት» ዕቃ ጠየቀ። ማኅበሩ ወደ ዘይት የዞረው በዚህ ምክንያት ነው። ጎጃም የኑግ አገር ነው፤ የኑግ ዘይትም ከገበያ በጀሪካን ይገኛል። ምርጫው ተፈጥሯዊ ነበር።

አቀባባቸው እንዲህ ነበር። ዘይቱን ሞቅ አድርገው በብዛት ያፈሳሉ፣ «ይጠጣ» ብለው ያሳድሩታል፣ በማግሥቱ ይደግሙታል፣ በሦስተኛው ቀን በጋዜጣ ጠቅልለው ይጭናሉ። ዘይት በበዛ ቁጥር እንጨቱ የበለጠ ይጠበቃል የሚል እምነት ነበራቸው።

ችግሩ

ለእንቁጣጣሽ ገበያ በሐምሌና በነሐሴ የተሠራው ጭነት መስከረም ሳያልቅ በከፊል ተመለሰ። ረከቦቶቹ እጅ ላይ ይጣበቃሉ። የተጠቀለሉበት ጋዜጣ ከገጻቸው ጋር ተያይዞ ሲላጥ ፊደሉን ትቶባቸዋል፤ አንዱ ረከቦት ላይ የማስታወቂያ ዓምድ ተገልብጦ ይነበብ ነበር። አቧራ እንደ ፀጉር ይዟቸዋል። ከመክተፊያዎቹ ጥቂቶቹ የከረመ ዘይት ይሸታሉ፤ ሁለት በርጩማዎች እግራቸው ላይ ጥቁር የሻጋታ ነጠብጣብ አውጥተዋል።

ማኅበሩ መጀመሪያ የጠረጠረው ክረምቱን ነው። የክረምት እርጥበትና ቅዝቃዜ ዘይት እንዳይደርቅ እንደሚያዘገይ እውነት ነው። ስለዚህ የተመለሱትን ዕቃዎች አውጥተው ለመስከረም ፀሐይ ሰጧቸው። ነገሩ ባሰ። ፀሐዩ እንጨቱን ሲያሞቀው በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው አየር እየሰፋ የተጠጣውን ዘይት ወደ ውጭ ገፋው፤ ገጹ ሁሉ የዘይት ጠብታ አወጣ። ወጣቶቹ «እያላበው ነው» ይሉ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አላውቅም። እነርሱ ሲጠርጉት እንደገና ያልበዋል።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር። ከተመለሱት ዕቃዎች ጋር በአንድ ሳምንት የተቀቡ፣ በአንድ መደርደሪያ የቆዩ፣ ግን ጨርሶ የማይጣበቁ ጥቂት ጭልፋዎችና ገበታዎች ነበሩ። ክረምቱ ብቻ ጥፋተኛ ቢሆን እነዚህም መጣበቅ ነበረባቸው።

ዘይት እንዴት እንደሚደርቅ

እርምጃዎቹን ከመናገሬ በፊት ይህን ማስረዳት አለብኝ፤ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ዘይት እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም። «የሚደርቁ» የሚባሉት ዘይቶች ከአየር ኦክስጅን ይወስዳሉ፣ ሞለኪውሎቻቸው እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ፈሳሹ ቀስ በቀስ ወደ ጠጣርነት ይለወጣል። ለዚህ ነው የተልባ ዘይት ሲደርቅ መጀመሪያ ክብደቱ የሚጨምረው። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር የሚያሟሹ እናቶች ይህን በተግባር ያውቁታል፤ ምጣዱ ላይ በስሱ ታሽቶ፣ በእሳት ተመትቶ፣ ተደጋግሞ የሚሠራው ጥቁርና ለስላሳ ገጽ የደረቀ ዘይት ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ዘይት ያፈሰሰች ሴት ምጣዷ ተለጣፊ ይሆንባታል፤ እንጨትም ላይ እንዲሁ ነው።

ሁሉም ዘይት ግን አይደርቅም። ልዩነቱን የሚያመጣው በውስጡ ያለው የቅባት አሲድ ዓይነት ነው። የተልባ ዘይት ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሊኖሌኒክ አሲድ ነው፤ ይህ ከኦክስጅን ጋር በፍጥነት ይያያዛል። የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍል ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ እርሱም ይደርቃል፣ ግን ከተልባ በጣም ይዘገያል። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ከኦክስጅን ጋር የመያያዝ ፍላጎት የሌለው ዓይነት ስለሆነ እንጨት ላይ ዓመት ቢቆይም ዘይት ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያም ይከርማል፣ ይሸታል። የወይራ ዘይትም አይደርቅም።

ሁለተኛው ነገር ውፍረት ነው። ኦክስጅን የሚገባው ከላይ ነው። ዘይቱ ወፍራም ሆኖ ከተተወ ላዩ ቆዳ ያወጣል፣ ቆዳው ለታችኛው አየር ይከለክለዋል፣ ታችኛው ለወራት ሙጫ ሆኖ ይቆያል። የማኅበሩ «ይጠጣ» ብሎ ማሳደር በትክክል ይህን ነበር የሚያደርገው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

*ዘይቱን በመስተዋት ላይ መፈተን።* በመጀመሪያ ያደረግነው ዕቃዎቹን ትተን ዘይቶቹን መመርመር ነው። ከተሰበረ የመስኮት መስተዋት ቁርጥራጮች ወሰድን፤ ወርክሾፑ ውስጥ ከነበሩት ሁለት የ«ኑግ» ጀሪካኖች፣ ከቤት ከመጣ የፓልም ዘይትና አዲስ ካስጨመቅነው የተልባ ዘይት በእያንዳንዱ መስተዋት ላይ በጣት በስሱ ቀባን። ስም ጻፍንባቸው፣ ነፋስና ብርሃን በሚያገኘው መስኮት አጠገብ አስቀመጥናቸው። ወጣቷ በየቀኑ በጣቷ እየነካች በደብተር መዘገበች።

ተልባው ሳምንት ሳይሞላው መጣበቅ ጀመረ፤ ቀጥሎ ጠነከረ፣ በጥፍር ሲጫሩትም ተላጠ። ከሁለቱ ጀሪካኖች አንደኛው ዘግይቶ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያዘ። ሌላኛው ጀሪካን ግን ከፓልም ዘይቱ ጎን ለጎን ሆኖ እንደ መጀመሪያው ቀን ርጥብ ነበር። ወጣቷ የትኛው ዕቃ ከየትኛው ጀሪካን እንደተቀባ ቀድማ የጻፈችበትን ደብተር ወደ ኋላ ስናይ፣ ያልተጣበቁት ጭልፋዎችና ገበታዎች የተቀቡት ከመጀመሪያው ጀሪካን ነው፤ ረከቦቶቹና መክተፊያዎቹ ከሁለተኛው። በኑግ ስም የተሸጠው ዘይት ሌላ ዘይት የተቀላቀለበት መሆኑ ግልጽ ሆነ። ጋሼ መስተዋቱን ወደ ብርሃን አንሥተው ካዩ በኋላ «ለካ እኛ እንጨቱን ስንወቅስ የከረምነው በከንቱ ነው» አሉ።

ይህ ፈተና ምንም ወጪ የለውም። እኔ ከዚህ ጉዳይ በኋላ የማንንም ዘይት፣ በምንም ጣሳ ይምጣ፣ መስተዋት ላይ ሳልፈትነው ዕቃ ላይ አላስቀባም።

*እንጨቱን መመዘን።* የሻገቱት በርጩማዎች ሌላ ችግር ነበረባቸው። የተሠሩበት ዋንዛ በቅጡ አልደረቀም ነበር። ርጥብ እንጨት ዘይት አይቀበልም፤ ውኃው ቦታውን ይዞበታል። ከላይ ከተዘጋ ደግሞ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ለሻጋታ ምቹ ይሆናል፤ ጥሬ የተልባ ዘይትም ራሱ ለሻጋታ ምግብ ነው። ማኅበሩ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ የለውም፤ ሚዛን ግን አለው። ከእያንዳንዱ ጭነት አንድ ቁራጭ ወስደው በየሳምንቱ ይመዝናሉ፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም እንጨቱ ከክፍሉ አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። በበጋ ይህ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ለዕቃ የሚፈለገው 12 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች እርጥበት ላይ ይደረሳል። በክረምት ግን ክብደቱ ቢቆምም እንጨቱ ከዚያ በላይ እርጥበት ሊይዝ እንደሚችል መታወቅ አለበት።

*ገጹን ማዘጋጀት።* ቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ድረስ ይፈትጉት ነበር። ለቫርኒሽ የለመዱት ነው። ለዘይት ግን ከ180 እስከ 220 ቁጥር ላይ ማቆም ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሄዱ ገጹ ይጠቀጠቅና ዘይቱ እንደ ልቡ አይገባም። ከዚያ በርጥብ ጨርቅ ማበስ፣ የተነሣው የእንጨት ፀጉር እስኪደርቅ መጠበቅ፣ በዚያው ቁጥር ወረቀት በስሱ ደግሞ ማንሣት ያስፈልጋል። ይህን የዘለለ መክተፊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታጠብ ይሻክራል።

*መቀባትና መጥረግ።* አዲሱ አሠራር ንጹሕ፣ በቅዝቃዜ የተጨመቀና ለጥቂት ቀናት ረግቶ አተላው የተለየ የተልባ ዘይት ነው። የመጀመሪያው ቅብ ላይ ዘይቱ በበቂ መጠን ይታሻል፤ ዋንዛ የሚጠጣውን ይጠጣል፤ ደረቅ ሆኖ የታየው ቦታ ይጨመርለታል። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ግን ላዩ ላይ የቀረው ሁሉ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይጠረጋል። «ሁሉ» ስል ጨርቁ ደረቅ ሆኖ እስኪንሸራተት ድረስ ማለቴ ነው። ወጣቶቹን ለማሳመን ከባዱ ነገር ይህ ነበር፤ ዘይት ገዝቶ መልሶ መጥረግ ማባከን ይመስላል። እንጨቱን የሚጠብቀው ግን ውስጡ ገብቶ የሚደርቀው ዘይት ነው፤ ላዩ ላይ የተረፈው ችግር እንጂ ጥቅም የለውም።

ዋንዛ ስለሚያልብ መጥረጉ በአንድ ጊዜ አያልቅም። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም ሥራ ከመፈታቱ በፊት ዕቃዎቹ እንደገና ይታያሉ፤ የዘይት ጠብታ ያወጣ ካለ ይጠረጋል። ጠብታው እዚያው ካደረ በማግሥቱ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ይሆናል፤ እርሱን ለማንሣት መፋቅ ነው።

ሁለተኛው ቅብ የሚቀጥለው የመጀመሪያው ሲነካ ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው፤ በበጋ ጥቂት ቀናት፣ በክረምት ሳምንትና ከዚያ በላይ። በዚህ ቅብ ላይ ወጣቷ ውኃ የማይፈታውን 400 ቁጥር ወረቀት ዘይት ውስጥ ነክራ ትፈትጋለች። የሚወጣው ደቃቅ የእንጨት ዱቄት ከዘይቱ ጋር ላቁጦ የዋንዛን ሰፋፊ ቀዳዳዎች ይሞላል፤ ከዚያ በእንጨቱ አግድም ይጠረጋል፣ ቀዳዳው ውስጥ የገባው እንዳይወጣ። ከዚህ በኋላ ያለው ገጽ በእጅ ሲዳሰስ የሚሰጠው ስሜት ከቫርኒሽ ጋር አይነጻጸርም። ሦስተኛና አራተኛ ቅብ እጅግ ስስ ነው፤ መክተፊያዎች የእንጨቱ ቃጫ ተቆርጦ በሚታይበት ጫፋቸው በኩል ብዙ ስለሚጠጡ እዚያ ላይ ይጨመራል።

ዕቃዎቹ የሚደርቁት በሚስማር ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ በሁለት በኩል መስኮት ባለው ክፍል ውስጥ ነው፤ ፀሐይ በቀጥታ አያገኛቸውም።

*ጨርቁ።* ስለዚህ ለብቻው መጻፍ አለብኝ፤ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። የሚደርቅ ዘይት ኦክስጅን ሲወስድ ሙቀት ያወጣል። በመስተዋት ወይም በእንጨት ገጽ ላይ ሙቀቱ ይበተናል። በተጨበጠ ጨርቅ ክምር ውስጥ ግን መሄጃ ያጣል፤ ይከማቻል፤ ክብሪት ሳይነካው፣ ማንም ሳይኖር፣ በሰዓታት ውስጥ ጨርቁ በራሱ ሊነድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1991 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የተባለው ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ የተቃጠለው በተልባ ዘይት ከተነከሩ የጽዳት ጨርቆች በተነሣ እሳት ነው፤ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል።

ወደ ተልባ በተዛወርን ሰሞን ማኅበሩ የዋለበትን ጨርቅ ከሰጋቱራ ጋር በማዳበሪያ ከረጢት ይጥል ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከረጢቱን ሲያነሡት ሞቆ አገኙት፤ ውስጡ እጅ የማያስገባ ነበር። አውጥተው ሜዳ ላይ በተኑት። ወርክሾፑ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጣውላ፣ ወለሉ ሰጋቱራ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደንቡ አንድ ነው፦ የዋለበት ጨርቅ ወዲያው ውጭ ባለው ሽቦ ላይ አንድ በአንድ ተዘርግቶ ይሰጣል፣ ደርቆ ጠንካራ ሲሆን ይጣላል፤ ለመስጣት ጊዜ ከሌለ ውኃ በተሞላ፣ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ውስጥ ይገባል። ዘይት የነካው ሰጋቱራም እንደዚሁ። ቁልፉን የሚይዘው ሰው ይህን ሳያይ ወርክሾፑን አይዘጋም።

የተመለሱትን ማዳን

የሚደርቀው ኑግ በብዛት ተቀብቶባቸው ሙጫ የሆኑት ዕቃዎች ተረፉ። ተርፐንታይን በነካው ሻካራ ጨርቅ ላዩ ተለሰለሰ፣ በመፋቂያ ተነሣ፣ የቀረው ነፋስ ባለበት ክፍል ቆይቶ ደረቀ፣ ከዚያ በአዲሱ አሠራር ስስ ተልባ ተቀባ። ተርፐንታይን ሲሠራበት መስኮት ይከፈታል፤ ለምግብ የሚሆን ዕቃም ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ አይሸጥም።

የተቀላቀለው ዘይት የገባባቸው ግን አስቸገሩ። ስስ ከሆኑት ረከቦቶች አንዳንዶቹ በተደጋጋሚ በተርፐንታይን ታጥበው፣ እንደገና ተልገው ዳኑ። ወፍራሞቹ መክተፊያዎች አልዳኑም። ዘይቱ ጠልቆ ገብቷል፤ በሙቅ ውኃና በሳሙና ቢታጠቡ፣ ላያቸው ቢላግ፣ ትንሽ ሲሞቁ ያው ሽታ ይመለሳል። ማኅበሩ እነርሱን ለገበያ ከማውጣት ይልቅ ለወርክሾፑ ሥራ መደገፊያ አደረጋቸው፤ ለገዢዎቹም ምትክ ሰጠ። ኪሳራው ቀላል አልነበረም፣ ውሳኔው ግን የሚያስመሰግናቸው ነው።

ያልሠራው

ጋሼ ተልባውን ቶሎ እንዲደርቅ በእሳት ለማፍላት ሞክረው ነበር። ዘይቱ ጨሰ፣ ጠቆረ፣ ድስቱም ለመያያዝ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በጣሳ «የተቀቀለ» ተብሎ የሚሸጠው የተልባ ዘይት ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱን የሚያገኘው ከመፍላት ሳይሆን ማድረቂያ ሆኖ ከሚጨመርበት እንደ ኮባልትና ማንጋኒዝ ካለ የብረት ውሕድ ነው። ለበርጩማ እግር ይሆናል፤ ለመክተፊያና ለጭልፋ ግን አልመክርም፤ ማኅበሩም አይጠቀምበትም።

ሰም ግማሽ መንገድ ብቻ ሠራ። የንብ ሰም በዘይት ተቀልጦ በርጩማና ገበታ ላይ ሲታሽ ደስ የሚል ወዝ ይሰጣል። ረከቦት ላይ ግን ከሸፈ። የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ ከከሰል የወረደ ጀበና ከዚያ በጣም ይሞቃል። የመጀመሪያው የሙከራ ረከቦት በአንድ የቡና ሥነ ሥርዓት ላይ የጀበናውን ቂጥ ቅርጽ ይዞ ቀረ። አሁን ረከቦት ያለ ሰም፣ በተጨማሪ የዘይት ቅብ ብቻ ይሠራል፤ ለገዢውም ጀበናው በማቶት ላይ እንዲያርፍ ይነገረዋል። ዘይት ሙቅ ውኃ ለረጅም ጊዜ ሲተኛበት አይችልም፤ ይህን ደብቆ መሸጥ አይገባም።

ለመክተፊያ ሌላ መንገድም ሞከርን፦ ከፋርማሲ የሚገኝ ፈሳሽ ፓራፊን። አይደርቅም፣ ግን አይከርምም፣ አይሸትምም። ቶሎ መድረስ ላለበት ትእዛዝ ጥሩ ነው። ጉዳቱ በሚታጠብበት ጊዜ እየለቀቀ ስለሚሄድ ገዢው በየወሩ ገደማ መቀባት አለበት፤ ብዙ ሰው ደግሞ አይቀባም።

ከጉዳዩ የሚወሰዱ ትምህርቶች

ከሁሉ በፊት የማስቀምጠው የዘይቱን ማንነት ነው። ለምግብ ጥሩ የሆነ ዘይት ሁሉ ለእንጨት ጥሩ አይደለም፤ በስሙ የተሸጠም ሁሉ እርሱ ራሱ አይደለም። መስተዋቱ ላይ ያልያዘ ዘይት እንጨት ላይ አይዝም።

መዝገብ መያዝ ሁለተኛው ነው። የትኛው ዕቃ ከየትኛው ጀሪካን እንደተቀባ ወጣቷ ባትጽፍ ኖሮ ጥፋቱን ክረምቱ ላይ ጥለን በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ዘይት እንገዛ ነበር። አንድ የተማሪ ደብተር ይበቃል፦ ቀን፣ ዕቃ፣ ዘይት፣ ስንተኛ ቅብ፣ የአየሩ ሁኔታ።

ጊዜን ከዋጋ ጋር ማሰብም ይገባል። በቫርኒሽ በሳምንት የሚያልቅ ዕቃ በዘይት ከወር በላይ ይፈልጋል፤ የመጨረሻው ቅብ ሲነካ ደረቅ ከሆነ በኋላ እንኳ ውስጡ በሚገባ እስኪጠነክር ሳምንታት ይቀሩታል። ስለዚህ ለእንቁጣጣሽ የሚሸጥ ረከቦት ግንቦት ሳያልፍ ቅቡ መጀመር አለበት። ይህን ቆይታ በዋጋው ውስጥ ያላስገባ ወርክሾፕ ትእዛዝ ሲበዛበት ተመልሶ ወደ ጋዜጣው መጠቅለል ይቸኩላል።

ዕቃው ከመውጣቱ በፊት የሚደረጉ ሁለት ፈተናዎች አሉ፤ ማንኛውም ሰው ሊያደርጋቸው ይችላል። አንደኛው፦ ነጭ ወረቀት ገጹ ላይ አንጥፎ ከባድ ድንጋይ ጭኖ ማሳደር ነው፤ በማግሥቱ ወረቀቱ ላይ የዘይት ምልክት ካለ ወይም ወረቀቱ ከተያያዘ ዕቃው ይቆያል። ሁለተኛው ለሽታ ነው፤ ዕቃው በፌስታል ታስሮ ሞቅ ባለ ቦታ ያድራል፣ ሲከፈትም ይሸተታል። ትኩስ የተልባ ሽታ በጊዜ ይጠፋል፤ የከረመ ዘይት ሽታ ግን አይጠፋም፣ እየባሰ ይሄዳል።

አሁን ያለበት ሁኔታ

በአዲሱ አሠራር የወጡ ረከቦቶችና መክተፊያዎች ስለ መጣበቅ ቅሬታ አላመጡም። ሁለት ነገር ግን አልተፈታም። የተልባ ዘይት ብርሃን በማያገኝበት ቦታ ሲቆይ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፤ በዋንዛ ላይ ያምራል፣ ከነጣ ባለ እንጨት በሚሠሩት ጭልፋዎች ላይ ግን ገዢዎች አልወደዱትም። ለእነዚህ ወጣቷ ራሷ ዘሩን ገዝታ ካስጨመቀችው፣ ቅልቅል እንደሌለበት መስተዋት ላይ ከተረጋገጠ የኑግ ዘይት እየሞከረች ነው። ኑግ ቢጫ የመሆን ጠባዩ ከተልባ ያነሰ ነው፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። በበጋ የተቀቡት ጭልፋዎች ደርቀዋል። በክረምት የሚቀቡት እንዴት እንደሚሆኑ ገና አልታየም፤ ማኅበሩም እስከዚያው በሐምሌና በነሐሴ ኑግ ላለመቀባት ወስኗል።